አባትህ የዘመረው የገና መዝሙር

ሰበታ፣ ጥር 2008 ዓ.ም.

ልጄ ቢንያም፣ የአባትህም የእኔም አምላክ በሄድክበት ይከተልህ። ሐይፋ ብርዱ እንዴት ነው? ካፖርትህን ሳትለብስ እንዳትወጣ። እኛ አለን።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ የፉሪ መንገድ ተዘግቶ አባትህ ሥራ ከቀረ ሳምንት አለፈው። የገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ፈርቼ እቤት ልዘምር ከበሮዬን ሳነሳ ተኩስ ተሰማ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ በአጥር በኩል «በራችሁን ዝጉ!» አሉን። ከበሮውን አልጋ ሥር ከትቼ ጓዳ ገባን።

እዚያ እንደተቀመጥን አባትህ የእኔን የገና መዝሙር በቀስታ ጀመረ። ታውቀዋለህ፤ እሱ ለስግድ በዓል የቤተ እስራኤል አባቶቹን ጸሎት ያዜማል እንጂ በእኔ መዝሙር ሠላሳ ዓመት አፉን ከፍቶ አያውቅም። አንዲት ቃል ሳይስት ጨረሰው።

«ዛሬ ምን አገኘህ?» አልኩት።

«ገናሽ ሳይዘመር እንዳያልፍ ብዬ ነው» አለኝ።

ልክ እንደሚሰናበት ሰው። ከተኩሱ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

የስግዱን ዜማ አንተ ትችለዋለህ። በድምፅህ ቀድተህ ላክልኝ፤ ለእሱ እንዳትነግረው። ተምሬ እኔም አዜምለታለሁ። ፈጣሪ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ብቻ ቶሎ ላከው ልጄ፤ ስግድ ኅዳር ነው፣ ኅዳር ደግሞ በጣም ራቀብኝ።

እናትህ ትርሲት