ባለቤቴ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ ስለጻፈችው

ለብሔራዊ ፓርኮችና ታሪካዊ ቦታዎች አስተዳደር መሥሪያ ቤት
ለዋና ኃላፊው
ካሉበት

ቀን፦ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ እንዲወገዱ ትእዛዝ የተሰጠባቸው የጎብኚዎች አስተያየት መዝገቦች ከመወገዳቸው በፊት ሟች ባለቤቴ የጻፈችባቸውን ገጾች እንዳይ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች በጡረታ የተገለልኩ የአስጎብኚ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ አሳጥሬ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አላጥርልኝ አለ። በቅድሚያ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ ጉዳዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤትዎ ወደሚያስተዳድራቸው አሥራ አራት ቦታዎች ጎብኚ አመላልሻለሁ። በእነዚያ ዓመታት አንዱንም ከውስጥ አላየሁትም። ቀልድ ይመስላል፤ የሹፌር ሥራ ግን እንዲሁ ነው። ሹፌር እንግዳውን በር ላይ ያወርዳል፣ ለአውቶቡሱ ጥላ ይፈልጋል፣ ጎማ ያያል፣ መስታወት ይወለውላል፣ እንግዳው ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሞተር አስነስቶ ውስጡን ያቀዘቅዛል። እንግዳ የጋለ መኪና ውስጥ ከገባ ተጠያቂው ሹፌሩ ነው።

2. ባለቤቴ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ከጉዞ በተመለስኩ ቁጥር «እስቲ ምን አየህ?» ትለኛለች። የመኪና ማቆሚያ አየሁ ማለት አሳፍሮኝ፣ ከተሳፋሪ ወሬ የቃረምኩትን ከራሴ እየጨመርኩ አወራላት ነበር። የጥንቱን ቤተ መንግሥት ጣሪያ በወርቅ የለበጥኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን አብረን ስንሄድ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። «አንተ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ያስጎበኘኸኝ የማንን ቤት ነው?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አስጎብኚዋም አብራት ሳቀች። የቀሩትን ቦታዎች በሙሉ እውነቱን በዓይኗ እንደማሳያት ቃል የገባሁላት ያን ዕለት ነው።

3. ልጃችን አሮጌ መኪናዋን ትታልን ስለነበር በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አሥራ አንድ ቦታ ጎበኘን። ጎበኘን ማለቴ ግን ትክክል አይደለም፤ ማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍ ስለማይገባ አስተካክላለሁ። የጎበኘችው እሷ ናት። እኔ ገና እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ልቤ መኪናው ጋ ይሄዳል። ፀሐይ ዞረችበት፣ መስኮቱን ሳልዘጋው ቀረሁ፣ ሌላ መኪና መውጫ ዘጋብኝ፤ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። «አንቺ ጨርሺ፣ እኔ በሩ ድረስ አቀርብልሻለሁ» ብያት እመለሳለሁ። ያዘዘኝ አለቃ የለም፤ ተሳፋሪዬ የገዛ ሚስቴ ናት። በየጉብኝቱ ለብቻዋ እየተጓዘች መሆኑ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። እንዲያውም የማገለግላት መስሎኝ ነበር።

4. እንደሚያውቁት በየመውጫው የጎብኚዎች መዝገብ አለ። ካርድ ክፍል ያረጀ ሰው ደግሞ ክፍት መዝገብ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ሌላው «ጥሩ ነው» ብሎ ፈርሞ ሲሄድ፣ እሷ መነጽሯን አድርጋ፣ ወንበር ስባ ትጽፋለች። ክቡር ሆይ፣ እየጻፈች ክላክስ አድርጌባታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በአንዱ ቀን የእስክሪብቶውን ክዳን እንደያዘች መጥታ ገባችና «አላስጨርስ አልከኝ እኮ» አለችኝ። «ፊርማ አይበቃም እንዴ? ምን የሚጻፍ አለ?» አልኳት። ቀበቶዋን አሰረች።

5. ባለፈው ጥቅምት በልብ ሕመም አረፈች። ሦስት ቦታ ቀርቶን ነበር። ስለ ቤቴ ሁኔታ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መዘርዘር ተገቢ ስላልሆነ እተወዋለሁ፤ ብቻ ሬዲዮ የምትከፍተው እሷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

6. በየካቲት ወር ልጄ ከቤት ውጣ እያለች ስትጨቀጭቀኝ አብረን ከሄድንባቸው ወደ አንዱ፣ ወደ ሐይቁ ፓርክ ተመለስኩ። መኪናውን መልሼላት ስለነበር በሕዝብ አውቶቡስ ሄድኩ። የምጠብቀው መኪና ስላልነበረኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው በመግቢያው ገብቼ በመውጫው ወጣሁ። ጎብኚ የማይበዛበት ቦታ በመሆኑ መዝገቡ ገና አላለቀም፤ እኛ የሄድንበትን ቀን ለመዝገብ ያዢዋ ነገርኳት፣ ወደ ኋላ ገልጣ አገኘችልኝ። ባለቤቴ የጻፈችው ቃል በቃል ይህ ነው፦

«ግቢው ንጹሕ ነው። አስጎብኚዋ ሳትሰለች አስረድታኛለች፤ ልትመሰገን ይገባል። ሐይቁ ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ለሁለት ሰው ይበቃል፤ እኔ ብቻዬን ተቀምጬበታለሁ። ባለቤቴ መኪና እየጠበቀ ነው። ወደፊት ሹፌሮችም እንዲገቡ የሚያስገድድ ደንብ ቢወጣ መልካም ነው።»

መዝገብ ያዢዋ የመጨረሻውን መስመር አንብባ ፈገግ አለች። አልፈርድባትም፤ ባለቤቴ ስትቀልድ እንደዚያ ነው የምትቀልደው፣ ፊቷን ሳትፈታ። እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ልጅቷ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ፤ እግዜር ይስጣት፣ ሰው እየጠበቀ እንኳ ተነሱ አላለችኝም።

7. ስረጋጋ ሌሎቹን አሥሩን ለማየት ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳት። ያለቁ መዝገቦች በሙሉ በጆንያ ታስረው ወደ ዋናው መጋዘን እንደተላኩና በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚወገዱ የነገረችኝ እሷ ናት። በማግስቱ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት መጣሁ፤ እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመስኮቱ ያሉት ሠራተኛ በትሕትና «አባባ፣ መዝገቡ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው፤ እርስዎ ለምን ፈለጉት?» ብለውኛል። አፍሬ «ለማስታወሻ» አልኩ። ያልኩት እውነት አልነበረም። ማስታወሻማ ሞልቶኛል፤ ቤቱ በሙሉ እሷው ናት። እውነቱን አሁን በጽሑፍ አረጋግጣለሁ፦ አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ፊት ለፊት ያላለችኝን ነገር ለእናንተ ጽፋለች። ለእኔ ብትነግረኝ ሞተር ላስነሳ ብዬ እንደምነሳ ታውቃለች። ምን እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚወቅሰኝ ቢሆን እንዳይደበቅብኝ፤ አሥሩም ላይ «ግቢው ንጹሕ ነው» ብቻ ብላ ከሆነም እሱንም ልየው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ. መዝገቦቹ ሳልፈትሻቸው እንዳይወገዱ እንዲያዝዙልኝ፤

ለ. ፍለጋውን እኔው ራሴ በመጋዘኑ ውስጥ እንዳካሂድ እንዲፈቅዱልኝ። ሠራተኛ አላስቸግርም። የጉዞዎቹን ቀናት ከመኪናው ደብተር ገልብጬ አያይዣለሁ። ደብተሩ ላይ ቀኑ አለ፣ ኪሎ ሜትሩ አለ፣ ዘይት የተቀየረበት አለ፤ ስለ እሷ ግን አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤

ሐ. ከመካከላቸው አስቀድሞ የተወገደ ካለ፣ የትኛው እንደሆነ በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ። ደስ ባይለኝም ተስፋ እያደረግኩ ከመመላለስ ይሻለኛል፤

መ. በመዝገቡ ላይ ከአስተያየቱ ቀጥሎ «የተሰጠ ምላሽ» የሚል ዓምድ አለ። የሐይቁ ፓርክ መዝገብ ላይ ከባለቤቴ ጽሑፍ ጎን ይኸው ዓምድ ባዶ ነው። ሠራተኞቻችሁን ለመውቀስ አይደለም፤ መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። በዚያ መዝገብና በሚገኙት ሁሉ ላይ በእጄ እንድሞላው እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ሰፊ ቦታ አያስፈልገኝም። «ልክ ነሽ» ብዬ ጽፌ፣ ቀኑን አስፍሬ እፈርምበታለሁ።

ጉዳዬን እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀድሞ የአስጎብኚ አውቶቡስ ሹፌር
የሟች ባለቤት