ተራ ቁጥር 118

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ዝናብ። ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘገየ። ከኪትሊ እስከ ሊድስ ቆሜ ሄድኩ።

አባዬ ዛሬ ሸሚዙን ራሱ ቆለፈ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ጀርባዬን ሰጥቼ ሻይ የማፈላ መሰልኩ።

አለቃችን ኒል የኤድንብራውን ቦታ ማን እንደሚያገኝ በወሩ መጨረሻ እናሳውቃለን አለ። እዚህ ባንክ እየሠራን ዲግሪ ከምንማረው ሠልጣኞች አንዱ ለአንድ ዓመት ይሄዳል። አጭበርባሪ ከደንበኛ የሚለይ ፕሮግራም የሚሠሩት እዚያ ነው። በውጤት ከሁሉም እበልጣለሁ። ለራሴ ብጽፈው ነውር የለውም መቼስ... አክስቴ ዶሪን እኔ ከሄድኩ አባዬ ጋ መጥታ እንደምትኖር ቃል ገብታልኛለች። ከእሷ ሌላ ለማንም ገና አልተናገርኩም። እንዳይቀርብኝ ፈርቼ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ከጊሊያን ጋር በቦዩ ዳር በእግር ሄድን። ባንኩ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ነባር ሠራተኛ ይመድባል፤ ለእኔና አብሮኝ ለሚሠለጥነው ለዛኪር የደረሰችን እሷ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ሠርታለች። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት የምስር ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች፣ ሁለት ኩባያም።

«አባትሽስ?» አለችኝ ገና ከበር እንደወጣን። ሁልጊዜ አስቀድማ የምትጠይቀው እሱን ነው።

እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የሚያዳምጠኝ ሰው አላገኘሁም። ኖቬምበር ላይ፣ አባዬ ደረጃው ላይ የወደቀ ሰሞን፣ እዚያው ድልድይ ሥር ቆሜ አልቅሼባታለሁ። ክንዴን ያዘችኝ። አንድም ምክር አልሰጠችኝም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 29

ዛኪር ሆነ የሚሄደው።

እቅፍ አድርጌ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከልቤ ነው... አብዛኛው ከልቤ ነው። እሱ ራሱ ደንግጧል። «ሄቲ፣ በአላህ፣ ያንቺ ነው ብዬ ነበር እኮ» አለኝ።

ኒልን ለምን እኔ አልሆንኩም ብዬ ጠየቅኩት። «ብዙ ነገር ታይቶ ነው» አለ። ምን ብዙ ነገር?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ጊሊያን ኩባያውን እየሞላችልኝ «ለበጎ ይሆናል» አለች። «አባትሽን ትተሽ እንዴት ሆነሽ ትሄጂ ነበር?»

የዶሪንን ነገር አሁን ብናገር ምን ይጠቅማል ብዬ ዝም አልኩ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

አዲስ ሥራ። የትኛው ሠራተኛ ባንኩን ጥሎ እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚገምት ሞዴል። ኮምፒውተሩ እንዲማር መጀመሪያ ሰው ማስተማር አለበት። ከአስተዳደር የመጡ ሦስት መቶ አጫጭር ማስታወሻዎች አሉ፤ እያንዳንዱን አንብቤ ጎኑ ላይ «ይቆያል» ወይም «ይሄዳል» ብዬ መሙላት ነው። ስም የለውም፣ ተራ ቁጥር ብቻ።

«አሰልቺ ነው፣ ግን ሁሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለ ኒል።

እኔን አልሰለቸኝም። ስለ ማላውቃቸው ሰዎች ማንበብ... አንዱ ከአለቃው ጋር ተኳርፏል፣ አንዷ መንታ አርግዛለች። ማን እንደሚጽፈው አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ተራ ቁጥር 118። እንዳለ ገለበጥኩት፤

«ሴት፣ 20። ጎበዝ። አባቷ የፓርኪንሰን በሽታ አለበት፣ ከእሷ በቀር ሰው የለውም። ሹካና ቢላ ይዞ መቁረጥ ስለማይችል እንዳያፍር ሥጋውን ጓዳ ቆራርጣ ታቀርብለታለች። አባቷ በሕይወት እስካለ ከዚህ አካባቢ አትርቅም። ለማቆየት የተለየ ነገር አያስፈልግም።»

የሥጋውን ነገር የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። ድልድዩ ሥር።

ሽንት ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ አልመጣልኝም። ተመልሼ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ጎኑ ባዶ ነው፣ መልስ ይጠብቃል። አባቴ እያለ የትም አልሄድም ማለቴ እውነት ነው። ያን ቀን ብያለሁ። አንድ ክፉ ቀን ነበር... አንዱን ቀን ወስዳ ዕድሜዬን በሙሉ አደረገችው።

«ይቆያል» ብዬ ሞላሁ። ሥራዬ ነው። እጄ ሲሞላው አየሁት።

ከዚያ 121። «ወንድ፣ 21። ከቤተሰቡ ተደብቆ ሊያገባ ነው። ሌላ ባንክ እያግባባው ነው። ቶሎ አንድ ነገር ካልተሰጠው ይሄዳል።»

ዛኪር። ኤድንብራን የሰጡት እንዳይሄድባቸው ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

በምሳ ሰዓት ኤድንብራ ደወልኩለት። ያነበብኩትን ነገርኩት።

«እኔና ናዲያ ልንጋባ መሆኑን የሚያውቀው ሁለት ሰው ነው» አለ። «አንቺና ጊሊያን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ አይደለሽም አይደል?»

እሱም እንዲህ ይጠይቀኝ?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ሄድኩ። ቦዩ ዳር ስንደርስ ጊሊያንን ሾርባውን አልቀበልም አልኳት።

«ተራ ቁጥር 118ን አነበብኩት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፔርሙዙን አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠች። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ቅጽ አለ» አለች። «ከእናንተ ጋር በተገናኘሁ ቁጥር ይሞላል። ለደኅንነታችሁ ነው ያሉኝ፣ የከፋው ሰው ካለ ቶሎ እንዲታወቅ።»

«'ለማቆየት የተለየ ነገር አያስፈልግም' የሚለውስ ለደኅንነቴ ነው?»

«ቅጹ ላይ እንደዚያ የሚል ጥያቄ አለ፣ የኔ ቆንጆ። የተጠየቅኩትን መለስኩ።»

«መቼ ነበር የምትጽፊው?»

«ወንበሬ ላይ እንደተመለስኩ። እንዳልረሳው።»

እንዳትረሳው! እኔ እንባዬን አብሼ ወደ ሥራ ስገባ እሷ ትጽፍ ነበር።

«ሄቲ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አለች። «ይህን ነገር አታንሺው። ስለምወድሽ ነው።»

የሚገርመው፣ የምትወደኝ ይመስለኛል። እሱ ነው የባሰብኝ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ለኒል ልነግረው ስገባ ያውቃል። ጊሊያን ዓርብ ነግራዋለች። ቀደመችኝ።

«ያየሽው ስም የሌለው መረጃ ነው» አለኝ። ረጋ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። «ስም ከሌለው ደግሞ የእኔ ነው ማለት አትችዪም።»

«የአባቴ ሳህን እኮ ነው።»

«የብዙ ሰው አባት ታሟል፣ ሄቲ።»

ከሰዓት በኋላ ፋይሉ አልከፈት አለኝ። ሌላ ቡድን ተዛወርሽ የሚል ኢሜይል መጣ። «ለዕድገትሽ» ይላል።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ሁሉ የመጠየቅ መብት አለው። አንደኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል፣ ፈተና ላይም መጥቶ ነበር። ደብዳቤውን ጽፌ ላክሁ። በወር ውስጥ መመለስ ግዴታቸው ነው። በወረቀት፣ በቤቴ አድራሻ አልኩ።

ዛኪር አብሮኝ አይጽፍም። «ገና መምጣቴ ነው፣ ቦታውን ቢቀሙኝስ?» ይገባኛል። ሁሉም ይገባኛል... ሁሉም ሲገባኝ ጊዜ ብቻዬን ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ፖስታው መጣ። የከፈተው አባዬ ነው። ላዩ ላይ ያለው የስም መጀመሪያ ፊደልና የቤተሰብ ስማችን «ባራክላፍ» ብቻ፤ የእኔና የእሱ ፊደል አንድ ነው። የሐኪም ቤት ደብዳቤ መስሎታል።

ስገባ አርባ አንዱም ገጽ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱ እጁ ላይ ይርገበገባል። አንብቦታል። በሽታውን፣ ሥጋውን፣ «በሕይወት እስካለ» የሚለውን።

«ይህቺ ሴት ማናት?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ቤቴን አይታው ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እኔ ሉካንዳው እንዲህ ከትፎ የሚሸጥልን ነበር የሚመስለኝ።» ወረቀቱን አመቻችቶ ለመደርደር ሞከረ፣ አልሆነለትም። ላግዘው ስል እጄን ገፋው። «ለእኔ ያልነገርሽኝን ለእሷ ነገርሻት።»

ጊሊያንን የወቀስኩበት ቃል ሁሉ ወደ እኔ ተመለሰ። እሷ የእኔን ገመና እንዳወጣች እኔም የእሱን አውጥቻለሁ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ማርች 21

አላናገረኝም።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣

«ኤድንብራ መሄድ ትፈልጊ ነበር?»

«እፈልግ ነበር።»

«ዶሪን ታውቃለች?»

«ልትመጣ ተስማምታ ነበር።»

ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። «አንቺ፣ ዶሪን፣ ባንኩ። ሁላችሁም ስለ እኔ መክራችኋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ እኮ ልጄ። አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ሂጂ እል ነበር።»

ይቅርታ አልኩት። «ያን ባንክ ግን ልቀቂው» አለ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

መልቀቂያዬን አስገባሁ። ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ቀጣሪ ብቻ ነው የሚቀየረው። ኒል «አልጠበቅነውም» አለ። መቼ ትጠብቁታላችሁ... ሞዴላችሁ አትሄድም ብሏል።

ጊሊያን አሳንሰሩ በር ላይ አገኘችኝ። እዚያው ትቻት በደረጃው ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

የመጀመሪያ ቀን። ብራድፎርድ፣ የውሃ ድርጅት። የትኛው ቧንቧ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ መገመት። ዶሪን ማክሰኞና ሐሙስ አባዬ ጋ ትመጣለች፤ ራሱ ነው ደውሎ የጠየቃት። እኔን አላማከረኝም።

እዚህም ነባር ሠራተኛ መደቡልኝ። ፕሩደንስ ትባላለች፣ ዚምባብዌ ተወልዳ እዚህ ያደገች። ምሳ አብረን በላን። ከሳንድዊቿ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ።

«ቤትስ? ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» አለችኝ።

«ከአባቴ ጋር።»

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ነው» አልኳት።

ትንሽ ጠበቀች። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ደግ ሴት ትመስላለች።