ከማጠቢያው ገንዳ ጀርባ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

የድሮውን የውጭ አገር ነጋዴ ቤት መመዝገብ ጀመርኩ። ከዋና ከተማችን ከአፒያ ሙዚየም ካሜራና ረጅም ሜትር ልከውልኛል፤ ትምህርት ቤቱም ሳምንቱን ፈቅዶልኛል። የሚመጣው ማክሰኞ ቡልዶዘር ገብቶ ሁሉንም ይጠርጋል። ክሊኒክ ይሠራበታል። ይሠራበት። ግን እስከዚያ እያንዳንዱ ማዕዘን በፎቶና በንድፍ መያዝ አለበት። ኋላ እዚህ እንዲህ ያለ ቤት ነበር ብንል ማን ያምነናል?

አረጉ ቤቱን ውጦታል። የሳሎኑን ጣሪያ የዳቦ ፍሬ ዛፍ በስቶት ወጥቷል። የፊት በረንዳውን ስለካ ዋልኩ። ወደ ጓሮ ስዞር ግን... አረጉ ተቆርጧል። ቁርጡ ትኩስ ነው፤ ወተቱ አልደረቀም። ማን ቀደመኝ?

ምንጣሮውን የተዋዋለው የአጎቴ ልጅ ሌቫኦ ነው። ገጀራውን ትከሻው ላይ ጥሎ እያፏጨ ሲያልፍ አገኘሁት።

«አንተ ነህ የቆረጥከው?»

«እኔ? ማክሰኞ ሳይደርስ ቅጠል አልነካም። ስንፍናዬን ረሳሽው እንዴ?»

ሳቀ። ሲጠየቅ የሚስቅ ሰው አላምንም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ መሬቱ ተቆፍሯል። ትንሽ ጉድጓድ ናት። ነጋዴው አገሩ ሲገባ ብር ቀብሮ ሄደ የሚባለው ወሬ... ሌላ ምን ይሆናል? አንድ ነገር ጠፋ ቢባል ደግሞ ስትገባና ስትወጣ የታየችው እኔ ነኝ። ስሜ ነው የሚነሳው።

ቀና ስል ሌቫኦ መንገዱ ማዶ ቆሟል።

«ምን ጠፋሽ፣ መምህርት?»

«አንተን ነው የማየው።»

«እዪኝ። መልኬን ማየት አይከፈልበትም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሱ ነው። ሌላ ማን ገጀራ ይዞ ይዞራል? (መንደሩ ሁሉ። ቢሆንም እሱ ነው።)

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ለአባቴ ወንድም፣ ለአጎቴ ለአውፋይ ተናገርኩ። የሌቫኦ አባት ነው፤ የመንደሩ ሸንጎ ሰብሳቢም። «ልጅህን ነው የምጠረጥረው» ማለት ከበደኝና «አንድ ሰው» አልኩ። ሸንጎው ወዲያው ተሰብስቦ ወሰነ። ጎረምሶቹ ቤቱን በየተራ ይጠብቃሉ። ቆፋሪው ሰኞ ሸንጎ ፊት ይቀርባል። ቅጣቱም አንዲት ትልቅ አሳማና ሃያ ካርቶን የታሸገ ዓሣ።

እራት ላይ ለእማዬ በኩራት ነገርኳት። የተቀቀለ ታሮዋን አስቀመጠች።

«ማን ጥልቅ በይ አለሽ?»

«ሌባ ይያዝ ነው ያልኩት።»

«የፈረሰ ቤት ምን ሌባ አለው!» ብላ ተነሳች።

ምን አስቆጣት? ሌቫኦን ድሮም ታደላለታለች...

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ጉድጓዱ ሰፍቷል። ዘብ ቆሞ እያለ! ጎንበስ ብዬ አፈሩን አሸተትኩት። የኮኮናት ዘይት... አበባ የተነከረበት፣ ለገላ የምንቀባው። ብር በዘይት ይታጠባል እንዴ?

ቤት ስገባ የእማዬ የዘይት ጠርሙስ ባዶ ነው። ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የተሠራው የክት ጨርቋም ከሳጥኑ የለም።

«ዘይቱ የት ሄደ?»

«ጉልበቴን አሸሁበት።»

ጉልበቷን አየሁት። ያለበት አፈር ነው። ቀይ አፈር።

ሌቫኦ አታሏት ይሆን? በዚህ ዕድሜዋ ያስቆፍራታል? ወይስ ራሷ... እናቴን እየጠረጠርኩ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

አርብ፣ ኦክቶበር 11

ጎህ ሲቀድ ተከተልኳት። ዘበኛው ሌቫኦ ነበር። ጀርባውን ለጓሮው ሰጥቶ ባሕር ባሕሩን ያያል። እሷ በአጠገቡ አልፋ ገባች። አላስቆማትም።

«ያዝኳችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ሌቫኦ ክንዴን ያዘኝ። «ዝም በይ። ቁጭ በይ መጀመሪያ። እናትሽ መሬት ተቀምጣ አንቺ ትገተሪያለሽ?»

ቁጭ አልኩ። እማዬ ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ጨርቁ ላይ አጥንት... የወፍ የሚያህል። አንዱን አንስታ እንደ ድሮው ወግ በዘይት ታብሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሳለች።

«ወንድምሽ ነው» አለችኝ። «ኢሳኮ።»

የወለደችው ከሳቫይ ደሴት መጥታ የነጋዴውን ልብስ ስታጥብ ነው፤ አባቴን ሳታውቅ በፊት። የሕፃኑ አባት የደረቀ ኮኮናት በሚጭን መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ሄደ፣ ቀረ። ሕፃኑ በተወለደ በሳምንቱ ሞተ። የዚያን ጊዜው ፓስተር «ያለ ጋብቻ የተወለደ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም» አለ። ሌላው ሰው ሙታኑን ደጁ ላይ ይቀብራል። እሷ በሰው አገር ምን ደጅ ነበራት? ከገንዳው ጀርባ ቀበረችው። ለአባቴ አልነገረችም። ለማንም።

«ማሽን ይርገጠው? አሁን ደጅ አለኝ። ልጄን ወደ ቤቴ ልውሰደው።»

ሌቫኦ ትናንት በተራው ደርሶባት ነው ጀርባውን የሰጠው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንቺ መቼ ትጠይቂያለሽ? ትመረምሪያለሽ እንጂ።»

አፈርኩ። በገዛ ወንድሜ ላይ ዘብ ያስቆምኩ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። «ተሳስቻለሁ መሰለኝ፤ ውሻ ይሆናል የቆፈረው» አልኩት።

«ውሻ ገጀራ ይዞ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰኞ አንድ ሰው መቅረብ አለበት። ካልተገኘ ዘብ የቆሙት ጎረምሶች ሁሉ ይቀጣሉ።

ሌቫኦ ማታ መጣ። «እኔ ነኝ፣ ብር ፈልጌ ነው እላለሁ። ማን ይጠራጠራል? አንቺ እንኳ ባለፈው ሰኞ ነው ያመንሽው።» ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

እማዬ ሰምታለች። ጥቅሉ ትራሷ አጠገብ ነው። ደጃችን ላይ አዲስ መቃብር ቢታይ መንደሩ የማነው ይላል። ምን ትመልስ? ከአባቴ ዘመዶች መሃል እኮ ነው የምትኖረው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

የልጆች እሑድ። ልጆቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጭ ለብሰው፣ እየተነሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሳቸውን አሉ። አንዱ ረስቶት አለቀሰ። እንደ ወጉ፣ አንድ ልጅ በጨረሰ ቁጥር ቤተሰቡ ከወንበሩ «ጎበዝ!» ይላል።

የመጨረሻዋ ልጅ ስትቀመጥ እማዬ ተነሳች። ነጭ ለብሳለች። ሄዳ ከልጆቹ መሃል ቆመች። ጎረምሶቹ ሳቁ። «አሮጊቷ ዛሬ ልጅ ሆኑ» አለ አንዱ ከኋላዬ።

እጆቿን እንደ ልጆቹ አጣምራ፣ ለትንንሾቹ የምትሰጠዋን አጭር ጥቅስ አለች፦ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው።» ከዚያ... «ይህ የልጄ የኢሳኮ ጥቅስ ነው። ለመናገር አልደረሰም። ከገንዳው ጀርባ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ላወጣ።»

ሳቁ ቆመ። «ጎበዝ» የሚል ጠፋ። አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል። እኔስ ምን እጠብቃለሁ?

ተነሳሁ። «ጎበዝ!» አልኩ። ድምፄ አስጠላኝ፣ ግን ደገምኩት። ሌቫኦ ተቀበለኝ። በመጨረሻ አጎቴ፣ ያ ወፍራም ድምፁ። «ጎበዝ ኢሳኮ!»

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዱ የሸንጎ ሽማግሌ «የአሳማዋስ ነገር?» አለው።

«አሳማዋን እኔ አመጣለሁ» አለ አጎቴ። «ለቤተሰባችን ልጅ ቀብር።»

ደጃችን ላይ፣ ከአባቴ መቃብር ጎን ቀበርነው። ጎረምሶቹ ከባሕር ነጭ ጠጠር እየተሸከሙ አመጡ። ሌቫኦ ከሁሉም ዘግይቶ መጣ። የት ቆየህ አላልኩትም።