ሰባት ቤትና የጮሮራው ጥርስ

ጥር 3
በታክሲዬ ሁለት ጊዜ ኤርፖርት ተመላለስኩ። ፒኮ ጎዳና እንደወትሮው ተዘጋግቷል። ፌርፋክስ፣ የእኛ ስደተኞች ሰፈር፣ ፓርክ አድርጌ ምሳ በላሁ። ቅዳሜ የኢዮኤል ሽማግሌዎች ልጄን ሃይሚን ሊጠይቁ ይመጣሉ። የዘር ሐረግህን ቁጠር ተብያለሁ። ምን ይገኛል ብለው ነው?

ጥር 5
አሰበ ተፈሪ ለአክስቴ ለእታገኝ ደወልኩ። ስም በስም ነገረችኝ። የኢዮኤል አባት ከሰጠኝ ጋር አስተያየሁት። ስድስተኛው ላይ አንድ ሰው... እንግዳወርቅ። የሁለቱም። ሰባት ቤት ካልሞላ ዘመድ ነው፤ ጋብቻ የለም።
ወንድሜ ፍሬው ሳቀብኝ። «አንድ ስም ጨምርበት። ማን ያውቃል?»
እውነት፣ ማን ያውቃል?

ጥር 6
ለሃይሚ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ዩኒቨርሲቲ የምትሠራበት ክፍል ወሰደችኝ። የጎሪላን ዘር አመጣጥ ነው የምታጠናው። መዳፌ ላይ ጥርስ አስቀመጠች። ቅጂ ነው። ዋናው የተገኘው ጮሮራ ነው አለች፤ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ግድም። የጎሪላ ቅድመ አያት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ የማይስማሙም አሉ።
ጮሮራ... እኛ አገር! በጭነት መኪና ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ። አቧራ ነው። ያኔ ጫካ ነበር? ዛሬ ጎሪላ ያለው ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳ፣ ወደ ምዕራብም እነካሜሩን።
የተራራ ጎሪላዎች ጥቂት ስለሆኑ ብዙ ሺህ ዓመት ዘመድ ከዘመድ ተዋልደዋል አለች። ጎድቷቸዋል። ግን አሉ።
«ታዲያ እናንተም...»
«አባዬ፣ በጎሪላ ምሳሌ አትዳረኝ» አለች። በስድስተኛ አያት ከኢዮኤል ጋር የምትጋራው ደም ከምንም እንደማይቆጠር ነገረችኝ። ወደኋላ ከተቆጠረማ፣ ሰውና ጎሪላም የሆነ ቦታ ይገናኛሉ።

ጥር 7
ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። አባቴ፣ አያቴ... አሥራ አንድ ስም አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ስም የለም። ግን ሰው ነበረ። ከዚያም በላይ ሰው ያልሆነ። አንዱም ሳይወልድ አልሞተም። አንዱ ቢጎድል እኔ የለሁም።
በዚህ መሀል የውሸት ስም ልሰካ?
ከኋላዬ ያለው ክላክስ ነፋ። ወረፋው ሄዷል።

ጥር 10
መጡ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ታላቅየው ጋሼ ስዩም ቁጠር አሉኝ። ቆጠርኩ። እንግዳወርቅ ጋ ስደርስ እዚህ ይገናኛሉ አልኩ። ፍሬው ጣሪያ ጣሪያ ያያል።
«እና? ምን ልታደርግ ነው?» አሉ ጋሼ ስዩም።
«ስድስት ነው፣ ጋሼ። አልሸሽግዎትም። ልጄን ግን ሰጥቻለሁ።»
ኮታቸውን አንስተው ሳይመርቁ ወጡ። ሃይሚ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። የቀሩት ሁለቱ ተያዩ፤ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሠርጉ ለፋሲካ ማግሥት ሆነ። ቅር ብሎኛል፤ የእሳቸው ምርቃት ይቀራል።
ግን እንግዳወርቅ... በሁለት በኩል የተበተነው ዘርህ ባሕር ተሻግሮ፣ ሳይተዋወቅ፣ ፌርፋክስ ላይ ተገናኘ። እንዴት ያለ መንገድ ነው።