እትዬ ማርሽ እና የአባታቸው ፒክአፕ

እትዬ ማርሽ ከዕቃ አመላላሹ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛዋ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት አባታቸው የፒክአፓቸው ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ተፈትቶ፣ ጋራዥ ውስጥ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ነበር። አዝዘውት የዘገየባቸውን አንድ ማርሽ እየጠበቁ ነው። ጎረቤታቸው እየሮጡ መጥተው ከበር ላይ «ደርሷል! ቶሎ ና!» ብለው ተጣሩ። አባታቸው ከሥር እንደተኙ «ስንት ጥርስ አለው?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤቲቱም «ምን ነካህ ሰውዬ! ዛሬ የተወለደ ልጅ ምን ጥርስ ይኖረዋል? ደግሞ ሴት ናት!» አሏቸው። የታዘዘው ዕቃ ከሰነበተ በኋላ መጣ። ስሙ ግን ለእሳቸው ቀረላቸው።

ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ታላቅ ወንድማቸው በሦስት ዓመት ይበልጧቸዋል። ወንድማቸው ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው መሪ አያያዝ ሲያጠኑ፣ እትዬ ማርሽ ብሎን በነጭ ጋዝ እያጠቡ አደጉ። ሰዓት ማንበብ ሳይችሉ የመፍቻ ቁጥር ይለዩ እንደነበር እናታቸው ያወሩ ነበር። የመደበኛ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሙያ ትምህርት ቤት በገቡበት ቀን፣ መዝጋቢው ሴት መሆናቸውን ብቻ አይቶ ወደ ስፌት ክፍል ላካቸው። እሳቸውም ሄደው፣ የተሰጣቸውን የስፌት መኪና ፈታተው፣ አጽድተው፣ መልሰው ገጠሙት። ይህን ያዩት የስፌት መምህርት ራሳቸው እጃቸውን ይዘው ብረታ ብረት ክፍል አደረሷቸው። በ1959 ዓ.ም. በቶርኒተሪነት፣ ማለትም ብረት በማሽን ቆርጦ ቅርጽ በማውጣት ሙያ፣ ተመርቀው በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጥገና ክፍል ተቀጠሩ።

በ1960 ዓ.ም. በቤተሰቡ ላይ አደጋ ደረሰ። ጊዜው ወንድማቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው ከአባታቸው ጋር ተራ በተራ መንዳት የጀመሩበት ነበር። አንድ ቀን የመስኮት ፍሬሞች ጭነው፣ አባታቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ዳቦ ቤቱ ጋ የሚያበቃውን ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሹ ከገባበት ወጣ። ፍሬኑ ብቻውን ያን ሁሉ ክብደት አልቻለም። ፒክአፗ የዳቦ ቤቱን ግድግዳ መታች። ሌላ ሰው አልተጎዳም፤ አባታቸው ግን የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ከዚያ በኋላ ቆመው አልሄዱም። ሰፈሩም «ልጁ ማርሽ አሳተ» አለ። አባታቸው ይህን እየሰሙ ዝም አሉ። ወንድማቸው ቁልፉን ለእናታቸው አስረክበው መንዳት ተዉና የመጋዘን ሠራተኛ ሆኑ። አባታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ ስምንት ዓመት፣ ተሸክመው እያጠቡና ፀሐይ እያሞቁ ጦሩ። ሰፈሩ ግን ስማቸውን «ቁልቁለት» ብሎ አወጣላቸው። ዕድሜያቸው ሲገፋ ደግሞ በአክብሮት «ጋሽ ቁልቁለት» ተባሉ። ፒክአፗም ሸራ ለብሳ የግቢው ጥግ ቆመች።

እትዬ ማርሽ ከወደፊት ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በሥራ ቦታቸው ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጀመሪያ የተሰበረ የስፌት መኪና ዘንግ ይዘው መጡ፤ ተሠራላቸው። ቀጥሎ የላላ ፔዳል ይዘው መጡ፤ እሱም ተሠራላቸው። ሦስተኛ ጊዜ ያመጡትን ዕቃ እትዬ ማርሽ አገላብጠው አዩትና «ይሄ ጤነኛ ነው። የታመመው ሌላ ነው መሰለኝ» አሏቸው። በ1966 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። የጋብቻ ቀለበታቸውን ማሽን ላይ ሲሆኑ አውልቀው ከበላዩ ካለው ሚስማር ላይ ስለሚያንጠለጥሉት፣ ባለቤታቸው «ሚስቴ እኔን ሚስማር ላይ ሰቅላ ነው የምትውለው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በድርጅቱ እስከ 2001 ዓ.ም. አገልግለዋል። ብዙ ወጣቶችን አሠልጥነዋል። ትዕግሥተኛ ነበሩ ማለት ግን እውነት አይሆንም። የደነዘ ሞረድ የሚሰጣቸውን ሰው ይቆጡ ነበር፤ «ይሆናል» የምትለውን ቃልም አይወዱም ነበር። «ይሆናል አትበለኝ፤ ለካው» ይሉ ነበር። ከተቆጡ በኋላ ግን ምሳቸውን ለተቆጡት ልጅ ያካፍላሉ።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ሸራውን ከፒክአፗ ላይ ገፈፉ። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል፤ የጋቢናው ወለል በዝገት ተበልቶ መሬት ያሳያል፤ የዕቃ መጫኛው ስፖንዳ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ከጎረቤቶቻቸው አንዱ «እትዬ፣ ለአሮጌ ብረት ገዢ ቢሰጧት አይሻልም?» ቢሏቸው «እኔም አርጅቻለሁ፤ ለማን ልትሰጡኝ ነው?» ብለው መለሱ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የባለቤታቸውን የስፌት ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉትና ግማሹን ወርክሾፕ አደረጉት። በአንድ ወገን የስፌት መኪና፣ በሌላው ወገን መዶሻ ሲሰማ ይውል ነበር። ሙሽሮች ልብስ ለመለካት መጥተው ቅባት ነክቷቸው የሄዱበት ጊዜም አለ።

ሥራው አራት ዓመት ፈጀ። የጋቢናውን ወለል ቆርጠው አውጥተው በአዲስ ላሜራ ተኩት፤ ሞተሩን አስፈትተው ፒስተኖቹን ለወጡ፤ ባለ ስድስት ቮልቱን ኤሌክትሪክ በአሥራ ሁለት ቀየሩ። ወንበሩን ባለቤታቸው በወፍራም ሸራ ሰፉት። በልማድ እጃቸው አልመለስ ብሏቸው በወንበሩ ጎን ኪስ አበጁለት። ከፊት የነበረውን የታምቡር ፍሬን እትዬ ማርሽ አውጥተው ዲስክ ፍሬን ገጠሙ፤ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው እንዲይዝም የፍሬኑን ዘይት መስመር ለሁለት ከፈሉት። አንድ ጡረተኛ መካኒክ ይህን አይተው «እንደ ጥንቷ ካልሆነች ምኑን ታደሰች?» ብለው ተከራከሯቸው። እትዬ ማርሽም «የጥንቱን ፍሬን የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ያውቀዋል» አሏቸው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በዚያው ግቢ የሚኖሩት ወንድማቸው ከሰዓት በኋላ ከወርክሾፑ በር ውጭ ወንበር አውጥተው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ውስጥ አይገቡም። ሲጠየቁ ይመልሳሉ፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም። እትዬ ማርሽም አይጎተጉቷቸውም ነበር። ፒክአፗን የሚያድሱት ግን ወንድማቸው መልሰው መሪ እንዲይዙላቸው እንደነበር ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል።

ካምቢዮውን ለመጨረሻ አቆዩት። ሲከፍቱት የሁለተኛው ማርሽ ጥርሶች ጫፋቸው ተልጦ እንደ ጣሪያ ተዳፍቶ አገኙት። እንዲህ ያለ ማርሽ ጭነት ሲበዛበት በራሱ ይወጣል፤ ሾፌሮች «ይተፋል» ይሉታል። እንዲያ የሚያልቀው ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም። ያን ጊዜ እትዬ ማርሽ ከጋቢናው ያወጡት አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከማርሽ ዘንጉ አጠገብ በአባታቸው እጅ የተበየደ የሽቦ መንጠቆ ነበር፤ ከካላማዳሪያ የተቆረጠ የጎማ ቀለበትም ተንጠልጥሎበት ነበር። የጨርቅ መስቀያ መስሏቸው ወደ ጎን ጥለውት ነበር። አንሥተው ሲለኩት ቀለበቱ የማርሽ ዘንጉን በሁለተኛ ላይ አጥብቆ ለመያዝ የተሠራ ነበር። አባታቸው ማርሹ እንደሚተፋ ያውቁ ነበር። በዚያች ቀን ለልጃቸው አልነገሩም፤ ከዚያ በኋላም ለማንም አልተናገሩም።

እትዬ ማርሽ ማርሹን አጥበው በባለቤታቸው ቁራጭ ጨርቅ ጠቀለሉትና ግቢውን አቋርጠው ወንድማቸው ክፍል ገቡ።

«ጋሼ፣ ይሄን እየው» አሏቸው።

ወንድማቸው ወደ መስኮቱ አዙረው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ሁለተኛዋ ናት» አሉ፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። «ትተፋ ነበር።»

«ታውቅ ነበር እንዴ?»

«ያን ቀን አወቅኩ። እጄ ላይ አይደል የተፋችው።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን ልናገር ማርሽዬ? አባባ አልጋ ላይ ናቸው። ሰው እየመጣ አይዞዎት ይላቸዋል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ልጨምርባቸው?»

«ከሞቱስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላማ ስሙን ለመድኩት» አሉ ወንድማቸው።

ይህ ታሪክ ዛሬ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የፈቀዱት ወንድማቸው ራሳቸው ናቸው። «አባባ መጥፎ ሰው አልነበሩም። ያን ቀን ረስተውት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አፍረው ነው። እሱም ይነበብ» ብለዋል።

እትዬ ማርሽ ያን ሳምንት መሣሪያ አላነሡም። አባታቸውን ይወዱ ስለነበር ነገሩ ከብዷቸው ነበር። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ። ያሠለጠኗቸው ልጆች ማሽኑን ለቀቁላቸው፤ አዲሱን ሁለተኛ ማርሽ ጥርስ በጥርስ እሳቸው ራሳቸው ቆረጡት።

ፒክአፗ በ2005 ዓ.ም. ተጠናቀቀች። ሆኖም የሚነዳት ጠፋ። እትዬ ማርሽ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ዕቃ ቢሠሩም መንዳት አልተማሩም፤ ባለቤታቸውም እንዲሁ። ወንድ ልጃቸው «እኔ ልንዳት» ቢሏቸው «ሾፌር አላት» ብለው ከለከሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን ያስነሡታል፤ ጥቂት አሙቀው ያጠፉታል። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። ባለቤታቸው በመጋረጃው ላይ ብቅ እያሉ «ይቺ መኪና ሥራዋ ማጉረምረም ብቻ ሆነ፤ እንደ ባለቤቷ» ይሉ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ወንድማቸው ጋዜጣውን አጥፈው ወርክሾፑ ውስጥ ገቡ።

«እስቲ ፍሬኑን አሳዪኝ» አሉ።

እትዬ ማርሽ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ጎማውን አውልቀው አሳዩዋቸው። ወንድማቸው ሁለቱን መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ።

«ሁለተኛዋስ? ቁልቁለት ላይ ብለቃትስ?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኳት» አሉ እትዬ ማርሽ። «ካላመንከኝ ልቀቃትና እያት።»

ወንድማቸው መንጃ ፈቃድ እንደ አዲስ ለማውጣት ተመዘገቡ። በጽሑፍ ፈተናው አንዴ ወደቁ፤ እሳቸው ሲነዱ ያልነበረ ምልክት ተጠይቀው ነው። በሁለተኛው አለፉ። በማግስቱ እትዬ ማርሽን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደዚያው ቁልቁለት ሄዱ። አፋፉ ላይ ሁለተኛ አስገቡ፤ እጃቸውን ከማርሽ ዘንጉ ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ማርሹ አልወጣም። እስከ ታች ድረስ ወረዱ። ዳቦ ቤቱ ፈርሶ በቦታው የሞባይል ጥገና ሱቅ ተከፍቷል። መኪናዋ ስትቆም ባለሱቁ ብቅ ብሎ «ጥገና ነው?» አላቸው። «ጨርሰናል» አሉት እትዬ ማርሽ።

ከዚያ በኋላ ፒክአፗ ብዙ ሠርታለች። ጣቃ ጨርቅ፣ የተማሪ ዴስክ፣ ቤት የሚለቅ ጎረቤት ዕቃ አመላልሳለች። በዝናብ ጊዜ በግራ በሯ በኩል ውኃ ታስገባ ነበር። ይህን እትዬ ማርሽ ደጋግመው ሞክረው አልቻሉትም፤ ሲነሣባቸውም አይወዱም ነበር።

ባለቤታቸው በ2010 ዓ.ም. አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በወርክሾፑ መሐል ያለውን መጋረጃ አላነሡትም፤ የስፌት መኪናውንም በየጊዜው ዘይት ያጠጡት ነበር። በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። ሕክምናቸውን እየተከታተሉ አቅማቸው በፈቀደ መጠን ወርክሾፕ መዋልን አላቋረጡም። ለሕክምና ያመላለሷቸውም ወንድማቸው ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከአልጋ መነሣት ቢያቅታቸውም የነርሷ ጋሪ ጎማ ሲንጫጫ ሰምተው ቅባት እንዲደረግለት አሳስበዋል። በ2016 ዓ.ም.፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ልጆቻቸውና ወንድማቸው በአጠገባቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

እትዬ ማርሽ ነርስ የሆኑ ሴት ልጃቸውን፣ የሒሳብ ባለሙያ የሆኑ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ማሽን አቁመው የመጡትን የሙያ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ብዙ ለደከሙ እጆቻቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ሰላምን ይስጥልን፤ እኛንም ያጽናናን።

ባረፉ በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ለቀስተኛው በዝቶ መቀመጫ ሲያንስ፣ ወንድማቸው ፒክአፗን ከወርክሾፑ አውጥተው እስከ ማታ ወንበር ሲያመላልሱ ዋሉ።