ከአጥንት እስከ ድድ

ጥቅምት 4

ጠዋቱን ሙሉ ጥርስ ሳጥብ አረፈድኩ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ከሥር ወንፊት አድርጌ። እህቴ ስለ ሥራዬ ለሚጠይቃት ሁሉ «የሞተ ሰው ጥርስ ትፍቃለች» ነው የምትለው። ምን ይደረግ፣ አልዋሸችም።

ከሰዓት ሳጥን መጣ። ወንዙ ዳር ለቤት መሠረት ሲቆፍሩ ያገኙት። የሕፃን የታች መንገጭላ፣ መዳፌን አይሞላም። ጥቂት የራስ ቅል ስብርባሪም አለው። በዚህ ዕድሜ አጥንት ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም፤ ዕድሜ ግን በጥርስ በኩል ይናገራል። ዓመቴን ልደፍን ነው እዚህ አጥንት ምርመራ ክፍል ከገባሁ፣ ይሄ ነገር አሁንም ይገርመኛል። ስንት ዓመቱ ይሆን?

ጥቅምት 5

የወተት ጥርሶቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም አሉ። ከኋላ ያሉት የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ጫፋቸው ከአጥንቱ ብቅ ብሏል። ግድግዳው ላይ ያለውን የጥርስ ማብቀያ ሰንጠረዥ አየሁ... እነዚህ የሚወጡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የፖሊስ መርማሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከስድስት ዓመት በፊት በደረሰው ጎርፍ ከዚያ ሰፈር የጠፉ ሁለት ሕፃናት አሉ አለኝ። አንዱ ወንድ፣ ሁለት ዓመት ተኩል። አንዷ ሴት፣ ዓመት ከሰባት ወር።

«ለየትኛው ቤት ልደውል?»

«ሁለት ዓመት ተኩል ግድም ነው» አልኩት። እንዲሁ በአፌ። ራጅ ሳይነሣ፣ አለቃዬ ሳያዩት።

«እንግዲያው የልጁ እናት ለዘረመል ምርመራ ደም ትስጥ» ብሎ ሄደ።

ጥቅምት 6

እናትየው መጣች። ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፣ ደም የሰጠችበትን ክንድ እንደያዘች።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ ያየሽው? ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቁር አልለበስኩም። አንድ ሰው ከውሃው አውጥቶት፣ የሆነ ቤት እያሳደገው ነው እያልኩ... አሁን ልልበስ?»

ውጤቱ ሁለት ወር ይፈጃል አልኳት። «ሁለት ወር ሙሉ ምን ሆኜ ልቀመጥ?» አለችኝ።

ጥቅምት 8

ምሳ እህቴ ቤት። ልጇ ሚጣ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፣ የማታኝከው ነገር የለም። የበሩን ቁልፍ፣ የእኔን ቀበቶ...

«መንጋጋዋ ሊወጣ ነው ይሉኛል፣ እኔ ምንም አላየሁም። የሙታኑን ተይና የእኔን እይልኝ» አለች እህቴ።

እጄን ታጥቤ ጣቴን ከኋላ ሰደድኩ። ለዓይን ምንም የለም፤ ድዱ ሙሉ ነው። ከሥሩ ግን ጠጣር ነገር አለ፣ ጫፍ ጫፍ ያለው። ጥርሱ አጥንቱን አልፏል። ድዱን ግን አላለፈም።

ከዚያ ነከሰችኝ። ጣቴን ለማውጣት እንኳ ረሳሁ። ያ መንገጭላ ድድ የለውም እኮ! የግድግዳው ሰንጠረዥ ደግሞ ለእናቶች የተሠራ ነው፣ የሚቆጥረው ጥርስ ድዱን ቀዶ ሲወጣ ነው። እኔ ከአጥንት በላይ ስላየሁት ብቻ «ወጥቷል» አልኩ። ከአጥንት እስከ ድድ ስንት ወር አለ? ስድስት? ከዚያም በላይ? ይሄን ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበታለሁ። ለአጥንት የሚሆነው ሰንጠረዥ መሳቢያዬ ውስጥ ነው... ቀና ስል ያየሁትን ያዝኩ።

«ነከሰችሽ እንጂ አልዋጠችሽ፣ ምን ሆንሽ?» ትላለች እህቴ። ምሳው አልወረደልኝም።

ጥቅምት 9

ራጁ ተነሣ። የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ሥር መስደድ ገና መጀመራቸው ነው። ከኋላቸው፣ አጥንቱ ውስጥ የተደበቀው የመጀመሪያው ቋሚ ጥርስ፣ ገና ግማሽ። እንዴት ያምራል ደግሞ! እያፈርኩም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ዓመት ተኩል ግድም። ሁለት አይሞላም።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ።»

ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥተው ብዙ አዩት። «የሐኪም ስህተት ይቀበራል። የእኛ ግን ተቆፍሮ የወጣ ነው፣ ማን ይሸፍንልናል?» አሉ። ቀጥለውም «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ለመርማሪው እኔ እነግረዋለሁ። ለእናትየው ግን አንቺ።»

ይግባኝ የለም።

ጥቅምት 10

ደወልኩላት። ሁለቴ ሲጠራ ዘጋሁት። ነገ።

ጥቅምት 11

ነገርኳት። ሌላ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው አልኳት።

«ታዲያ እሱ የት ነው ያለው?»

አላውቅም አልኳት። «ጥቁሩን ገዝቼው ነበር» አለች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 13

ውጤቱ መጣ። ዓመት ከሰባት ወር የሆናት ልጅ ናት፤ የአጥንቱ ዘረመል ከአባቷ ደም ጋር ገጥሟል። አባትየው ፈርሞ ሳጥኑን ተቀበለ። «ሁሉ ነገሯ አለ?» አለኝ። «ያገኘነው ሁሉ አለ» አልኩት። ክዳኑን ሳይከፍት አቅፎ ወጣ። በጣም አዘንኩ። ደግሞም ልክ መሆኔ ደስ አለኝ... ሁለቱ ባንድ ቀን እንዴት ይሆናል?

ታኅሣሥ 16

የልጁ እናት መጣች፣ ማንም ሳይጠራት። ልትጣላኝ መስሎኝ ተነሣሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጥርስ አይተሽ ዕድሜ ታውቂያለሽ። ዕድሜ ብነግርሽስ ጥርሱን ታውቂያለሽ?»

«አልገባኝም።»

«አሁን ቢኖር ስምንት ዓመት ተኩል ነው። አፉ ውስጥ ምን ምን አለ?»

ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ሥራዬ አይደለም እል ነበር። ጠረጴዛ ላይ ስለሌለ ሰው አንናገርም፣ ሕጋችን ነው። እርሳስ አነሣሁ።

«ግድም ነው የምነግርዎት፣ ልጅ ከልጅ ይለያያል» አልኳት መጀመሪያ። ሣልኩላት። ፊት ለፊት፣ ከላይ አራት፣ ከታች አራት፣ አዳዲስ፣ ለፊቱ ትልቅ የሚመስሉ፣ ጠርዛቸው ገና መጋዝ መጋዝ የሚል። ከኋላ አራት ቋሚ መንጋጋ። «የቀሩት አሥራ ሁለቱ የወተት ናቸው።»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «የወተት ማለት... ያኔ እኔ ጋ እያለ የነበሩት?»

«አዎ። እነሱ ራሳቸው።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ» አለችና፣ እያንዳንዳቸውን በክብ እንዳጥርላት ወረቀቱን መለሰችልኝ።