የቅሬው ዶማ ለመቻል የወጣ ዕለት

ውድ መቻል፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሰነበትክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሞተሃል። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ወገቤም፣ ጉልበቴም፣ ምላሴም እንደተውካቸው ናቸው፤ ሁለቱ እኔን ያሳምሙኛል፣ ሦስተኛው ሰው ያሳምማል።

ለውሻ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ የሚል ቢመጣ፣ ለሰው ስጽፍ መልስ የመጣልኝ መቼ ነው? ልጄ ሰሚሃ ከኩዌት ለጻፍኩላት ሁሉ የምትመልሰው የአውራ ጣት ሥዕል ነው። አንተ ቢያንስ ጭራ ነበረህ።

ደክሞኛል፣ መቻል። ቢሆንም አንተ ከሞትክ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳትሰማ መቅረትህ ቆጭቶኛል። የሞተው ሌላ ቢሆን ኖሮ ከፊት ቆመህ ታየው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ደፉ ላይ አጣሁህ። ቁልቋሉ ሥር፣ ፊትህን ወደ ቦረቦሩ አዙረህ ተኝተሃል። ጠራሁህ። በመጥረጊያው እጀታ ጎንህን ነካ አደረግኩህ። ዕድሜህን ሙሉ የነካሁህ በዚያ እጀታ ነው። አንተም ታውቃለህ፤ ምራቅህ የነካው ሰባቴ ይታጠባል፣ አንዱም በአፈር። ይህንን ሸህ ሳያስተምርህ ዐውቀህ አንድ ቀን ደፉን አልተሻገርክም። ሐምሌ ሲደበድብህ እንኳ አፍንጫህን ብቻ አስጠግተህ ታድር ነበር። እኔም ውስጥ ሆኜ ትንፋሽህን እየሰማሁ እተኛ ነበር። ይህን በሕይወት ሳለህ አልነገርኩህም። ትኮራብኛለህ ብዬ ነው።

በሰፈራችን የሞተ ውሻ ሥርዓቱ አጭር ነው። እግሩ በገመድ ይታሰራል፣ ቦረቦሩ አፋፍ ድረስ ይጎተታል፣ ሲመሽ ጅቡ ከአምባሰል በኩል ወርዶ ቀሪውን ይጨርሳል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሳይነግሩት የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው። ለሌላው ውሻ ይሁን። አንተ ግን ከዚያ ጅብ ጋር ዕድሜህን ሙሉ ስትካሰስ የኖርክ ነህ። የጎረቤታችንን የሀምዱን ጥጃ ስታስጥል ከጭንህ ቦጭቆ አንክሶሃል። ታዲያ የተረፈውን እኔ በገመድ ጎትቼ፣ ደጁ አድርሼ፣ «እንካ፣ ይኸው ረታህ» ልበለው? አልለውም። ቢሞቱም አይሸነፉም የሚባለው ለሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?

ስለዚህ መቆፈር ጀመርኩ። የጥር መሬት ታውቀዋለህ፤ የሽንኩርት መኮትኮቻዬ ሁለት ጊዜ ጮኸና እጀታው ተሰበረ። ይህን ጊዜ ጎረቤቴ ለተብርሃን በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። ገባች፣ አንተን አየች፣ አለቀሰች። ታልቅስልህ እንጂ! በእሷ ጾም ወደ እኔ፣ በእኔ ረመዳን ወደ እሷ እየተዛወርክ፣ አንድ ቀን ሳትጾም ሁለቱንም ሃይማኖት አክብረህ የኖርክ አንተ ነህ።

«በዚህ አይሆንም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የቅሬውን ዶማ ላምጣልሽ።»

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። የቀብር ዕድራችን የቅሬው ዶማ ለጎመን አይወጣም፣ ለቦይ አይወጣም። ከቅሬው ዳኛ ከሐጂ አብዱልመናን ቤት የሚወጣው ሰው ሲቀበር ብቻ ነው። መንገድ ላይ ያየው ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ጋቢውን ደርቦ ይከተላል። ለተብርሃን ስትደርስ ሐጂ ውጫሌ ሄደዋል፣ ያለችው ባለቤታቸው ሀውራ ናት። ሀውራ ዓይኗ የቀላ ሴት ዶማ ስትጠይቃት አየች።

«ለማን ቤት ነው?»

«ለፈሂማ ቤት» አለች ለተብርሃን፤ ከዚያ በላይ ልቅሶው አላናግር አላት።

እንግዲህ ፍረድ። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ከእኔ ቤት ሰው ከሞተ እኔ ነኝ።

ተሰባብሬ ካጠገብህ እንደተቀመጥኩ መንደሩ ሁሉ ይተም ጀመር። ሀውራ ከፊት ናት፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ፦

«ወይኔ ፈሂማዬ! ወይኔ ክፉ የማይወጣት!»

ክፉ የማይወጣት ስትል ዶማ የተሸከመችው ለተብርሃን እንኳ ዞር ብላ አየቻት።

«ሀውራ፣ ማን ሞተብሽ?» አልኳት ከቁልቋሉ ሥር።

«ቢስሚላህ!» ብላ ወደ ኋላ ስትሸሽ የተከተላትን ሰው እግር ረገጠች። «አልሞትሽም እንዴ?»

«ተራ ይዣለሁ። የዛሬው የመቻል ነው።»

ይህን ጊዜ አንተን አዩህ። ከዚያ ሳቅም ቁጣም እኩል ፈነዳ። ሀምዱ ባጃጁን መንገድ ላይ ጥሎ የመጣ ስለሆነ ድርሻው ቁጣው ነበር።

«የቅሬ ዶማ ለውሻ? እኔ እኮ ኢና ሊላሂ ብዬ ነው የመጣሁት!»

«ብለሃል፣ አይጠፋብህም። አስቀምጥልኝ።»

«እትዬ ፈሂማ፣ ነውር ነው። ሰው ምን ይለናል?» ብሎ ዶማውን ከለተብርሃን እጅ ወሰደና ትከሻው ላይ አወጣው።

መቻል፣ እዚያ ላይ ፈራሁ። ያ ዶማ ከግቢዬ ከወጣ፣ ሲመሽ አንተን ገመድ ይጠብቅሃል። ምላሴ በቀላሉ አያልቅም፤ ያን ቀን ግን አለቀ። «ጥጃህን ያስጣለልህ እሱ ነው እኮ» ብቻ አልኩት።

«ጥጃዋን ሸጫታለሁ» አለኝ። ውለታውንም አብሮ ሸጦታል።

ሐጂ አብዱልመናን ከመኪና ወርደው የደረሱ ይህን ጊዜ ነው። መሞቴን መንገድ ላይ ነግረዋቸዋል። ቆመው አዩኝ።

«ዱዓ እያደረግኩልሽ ነበር የመጣሁት፣ ፈሂማ።»

«ይቆየኝ ሐጂ፣ አይባክንም።»

ሁሉም ባንዴ ነገራቸው፤ ቅሬው ተደፈረ፣ ዶማው ረከሰ፣ ሥራ ፈታን። እሳቸው በከዘራቸው አፈር እየጫሩ ሰሙ። እኔም ከወገቤ ቀና አልኩ።

«ሐጂ፣ አንቱ ዳኛ ነዎት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከዚህ ከቆመው ሰው ሁሉ አንድም ቀብር ያልቀረ ማነው?»

ሰው ሁሉ እግሩን ማየት ጀመረ። ሀምዱ ዶማውን ከቀኝ ወደ ግራ ትከሻው አዛወረ።

«መቻል ከመቃብሩ አጥር ውጭ ተቀምጦ፣ አፈር እስኪመለስ ያልጠበቀው ሬሳ አለ? ዝናብ ነው ብሎ፣ ገበያ ነው ብሎ፣ ከሟቹ ተኳርፌያለሁ ብሎ የቀረበት ቀን አለ? የማይወደውን ሰው እንኳ ሸኝቷል። የሀምዱን አጎት ሸኝቷል፤ በድንጋይ ይፈነክተው የነበረውን!»

የአጎቱ ቀብር ላይ ሀምዱ ራሱ አርፍዶ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል። ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሸንጎ ድምፅ ነበር።

«ስሙ። ሶላት የለም። ዱዓ የለም። ሰደቃ የለም። ለቅሶ እቀመጣለሁ የሚል ካለ እቀጣዋለሁ። ሬሳ አፈር ማልበስ ግን ነውር ሆኖ አያውቅም።» ከዚያ ወደ ሀምዱ ዞሩ። «ምን ቆመሃል? አጥልቀህ ቆፍር፤ ጅቡ ሰነፍ አይደለም።»

ሀምዱ እያጉረመረመ ቆፈረ። እያጉረመረመ ሲቆፍር ጠልቆ ወገቡ ድረስ ገባ፣ በቃ ቢሉትም አልወጣም። ሴቶቹ ከቦረቦሩ ዳር ድንጋይ አመጡ። ለተብርሃን ንጹሕ ማዳበሪያ ከረጢት ዘረጋች፤ ማን ያንሳው ሲባል ግን ሁሉም ወደ መጥረጊያው አየ።

እኔ አነሳሁህ። በእጄ፣ መቻል። ግንባርህ ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖችህ መሃል፣ ፀጉርህ እንደዚያ የለሰለሰ መሆኑን አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ካጠገቤ ሆኖ ሳላውቀው። ከዚያ ተነስቼ እጄን ሰባቴ ታጠብኩ። ለአንዱ የሚሆነውን አፈር የወሰድኩት ካንተው ጉድጓድ አፍ ነው።

ሲበተኑ ሀውራ ቀርታ «እውነት ስትሞቺም እንዲሁ ነው የምንመጣው» አለችኝ።

«አይቻለሁ። ክፉ የማይወጣት የምትዪውን ብቻ ተዪው፤ መላእክቱ ይስቁብኛል።»

ረቡዕ ጠዋት ጸሐይ ሳትበረታ ሄጄ አየሁ። ጅቡ መጥቷል። ኮቴው ዙሪያውን ነው፤ ዞሯል፣ ጭሯል፣ እንደገና ዞሯል። አንድ ትንሽ ድንጋይ አንከባልሎ ጥሏል። የቀሩት ካሉበት አልተነቃነቁም። ብዙ ቆሜ አየሁት። እንዴት አድርጎ ባዶ አፉን ይዞ ያን ዳገት እንደወጣ ሳስበው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ ቦታው መለስኩ። ከብዶኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አረፍኩበት።

እንግዲህ ክሱ ተዘግቷል፣ ረትተሃል፣ ይግባኝ የለውም። በሩን እኔ እዘጋለሁ። ማነው ብዬም የምጠይቅ እኔ ነኝ። ደጅ ኮሽ ቢል አትነሳ።

ፈሂማ፣
ከነድካሟ፣ ከሐይቅ